ሳቁን የወደድሁለት፣ ተራኪውን ያልወደድሁለት ፊልም

በትንሣኤ ማግስት ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ጠላው ከግማሽ ሲወርድ፣ ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኝ ፊልም ፍለጋ ወደ ጎንደር ፒያሳ ወጣሁ። እናቴ ሰው የሚገደልበትን አይወዱም፤ አጎቴ ሰው የሚሳሳምበትን ከልጆች ጋር ተቀምጠው ማየት አይሆንላቸውም፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ መኪና የሌለበት ፊልም ፊልም አይመስላትም። ይህን ሁሉ የሚያሟላ አንድ ብቻ ትዝ አለኝ፤ ልጅ ሳለሁ ቪዲዮ ቤት በአንድ ብር ያየሁት «ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ»። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አማልክቱ ሳያብዱ አልቀሩም» እንደ ማለት ነው። ፊልም የሚገለብጠው ወጣት ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም ነበርና «የኮካ ጠርሙሱ ፊልም» ብዬ ላስረዳው ስሞክር፣ ከኋላዬ ስልክ ሊያስጠግኑ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት «ያ መኪናው ፍሬን የሌለው ነው?» ብለው ሳቁ። ፊልሙን ያየ ሰው ከሁለቱ አንዱን እንደማይረሳ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወይ ጠርሙሱን ወይ መኪናውን።

ፊልሙን ጽፎ ያዘጋጀው ደቡብ አፍሪካዊው ጄሚ ኡይስ ሲሆን፣ በአገሩ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ሲገባ ያለ አንድ ታዋቂ ተዋናይ በሲኒማ ቤቶች ሰንብቶ፣ በዚያን ጊዜ እዚያ አገር ከታዩት የውጭ ፊልሞች ብዙ ገንዘብ ካስገቡት ተርታ ተሰለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ሁለተኛ ክፍል ወጣለት። ኡይስ ከዚያ ቀደም ብሎ በሠራው የዱር እንስሳት ፊልም፣ የማሩላ ፍሬ በልተው የሰከሩ እንስሳት ሲንገዳገዱ እያሳየ ብዙ ሰው ያሳቀ ሰው ነው። ይህን የማነሣው ለወሬ ማሟሻ አይደለም፤ በእንስሳቱ ፊልም ላይ ይናገር የነበረው ዓይነት የተራኪ ድምፅ እዚህኛው ፊልም ላይ ስለ ሰው ይናገራል፤ ክርክሬም እዚያው ላይ ነው።

ታሪኩ ለማመን የሚያስቸግር ነው፤ እንዲታመንም አልተሠራም። በካላሃሪ በረሃ ላይ የሚበር የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ የጠጣበትን የኮካ ኮላ ጠርሙስ በመስኮት ይወረውረዋል፤ ጠርሙሱም ከዚያ ሁሉ ከፍታ ወድቆ ሳይሰበር፣ ኪ የተባለ፣ የበረሃው ነባር አዳኞች ከሆኑት ከሳን ሕዝብ የተወለደ ሰው ያገኘዋል። ኪና ቤተሰቡ የአማልክት ስጦታ መስሏቸው ቆዳ ያለሰልሱበታል፣ ሥር ይወቅጡበታል፣ አፉን እየነፉ ያዜሙበታል። ዳሩ ግን ስጦታው አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ቅናትና ጠብ የማያውቀው ቤተሰብ በጠርሙሱ ምክንያት እስከ መፈነካከት ይደርሳል። ኪ ወደ ሰማይ ቢወረውረው ተመልሶ ይወርዳል፤ ስለዚህ እስከ ምድር ዳርቻ ተጉዞ ሊጥለው ስንቁን ይዞ ይነሣል። በመንገዱ ላይ የዝሆን ፋንድያ የሚያጠና አንድሩ ስቴይን የተባለ እግሩም እጁም የማይታዘዝለት ነጭ ተመራማሪ፣ የጆሃንስበርግ ጋዜጠኝነቷን ትታ ቦትስዋና መንደር ውስጥ ልታስተምር የመጣች ኬት ቶምሰን የተባለች ሴት፣ እንዲሁም ሳም ቦጋ በሚባል ሰው የሚመሩ፣ መንግሥት ሊገለብጡ ሞክረው ሳይሳካላቸው የሚሸሹ አማፂዎች ያጋጥሙታል። ሦስቱን ታሪኮች ለማገናኘት አዘጋጁ ብዙም አልተጨነቀም፤ እኔም አልጨነቅበትም።

ለእኛ ቤት ግን ሳቁ የጀመረው ፊልሙ ካሰበው ቀድሞ ነበር። በአገራችን ኮካ ኮላ መታሸግ ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 1959 ወዲህ የብርጭቆ ጠርሙስ ከውስጡ ካለው መጠጥ የማያንስ ንብረት መሆኑን ሱቅ የተላከ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ያልሄደ ሰው ወይ ማስያዣ ይከፍላል ወይ እዚያው በረንዳው ላይ ቆሞ ጨርሶ ይሄዳል። ስለዚህ አብራሪው ጠርሙሱን በመስኮት ሲለቀው እናቴ ከመቀመጫቸው ቀና ብለው «ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው! የሰው ጠርሙስ!» አሉ። ፊልሙ በቀጠለ ቁጥርም ጉዳዩ ከአማልክት ጋር ሳይሆን ከባለ ሱቁ ጋር መሆኑን ደጋግመው አስታወሱን። ኪ ጠርሙሱን ይዞ ሲጓዝ የሚታያቸው ዕቃ ሊመልስ የሚሄድ ጨዋ ልጅ ነው፤ አዘጋጁ ይህን ቢሰማ ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር አላውቅም፣ እኔ ግን የፊልሙን መነሻ ከዚህ የተሻለ የፈታው ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ፤ ፊልሙን ዛሬም ለማየት የሚያበቃው እሱ ነውና። ስቴይን የሚነዳት ላንድሮቨር ፍሬን የላትም፤ ሞተሯ ከጠፋም በቀላሉ አይነሣም፤ ሠራተኞቹም «ሐሳዌ መሲሕ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ኬትን ከአውቶቡስ ተቀብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወስዳት መንገዳቸውን የዘጋ የአጥር በር ያጋጥማቸዋል። በሩን ለመክፈት መውረድ አለበት፤ ከወረደ መኪናዋ አትቆምም፤ ካቆማት ደግሞ አትነሣም። እናም እየሄደች ሳለ ዘሎ ይወርዳል፤ ድንጋይ አንሥቶ ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፤ ወደ በሩ ይሮጣል፤ ድንጋዩ ይለቃል፤ መኪናዋ ትንከባለላለች፤ ተመልሶ ይሮጣል፤ በሩ ይዘጋል፤ እንደ ገና ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ ሁሉ መካከል ተዋናዩ ማሪየስ ዌየርስ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ቀልድ ሳይሆን ትሕትና ነው፤ እንግዳ ሴት ፊት ላለመዋረድ የሚጣጣር ሰው ትሕትና። ሳቁ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

አጎቴ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደው አዲ አርቃይ ድረስ ላንድሮቨር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እስከዚያ ቦታ ድረስ ፊልሙን በአንድ ዓይናቸው ብቻ ይመለከቱ ነበር። ስቴይን ድንጋዩን ሲያነሣ ግን ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ተጠጉ። «ታኮ ሳይዝ!» አሉ፤ «ረዳት የለው፣ ታኮ የለው፣ ምን አምኖ ነው ከቤቱ የወጣ?» ድንጋዩ ሲለቅም «ድቡልቡል ድንጋይ ታኮ ይሆናል እንዴ፣ ጠፍጣፋውን ነው እንጂ!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ፊልሙን አቁመን፣ በደርግ ዘመን አንድ ሌሊት ሊማሊሞ ላይ ፍሬን ከድቷቸው በማርሽ ብቻ እንዴት እንደ ወረዱ አዳመጥን፤ ታሪኩን ከዚህ ቀደም የሰማነው ቢሆንም፣ የዚያን ቀን ግን ፊልሙ ምስክር ስለሆነላቸው አዲስ ጉልበት አግኝቶ ነበር። ላንድሮቨሯ በገዛ ዊንቿ ዛፍ ላይ ተጎትታ ስትንጠለጠል «ይኸስ ውሸት ነው» አሉ፤ ነገር ግን እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

የቀረው ቀልድ እኩል አይደለም። ስቴይን ሴት ባየ ቁጥር ዕቃ ይጥላል፤ ሦስተኛው ላይ ያስቃል፣ ስምንተኛው ላይ ግን ዕቃው ያሳዝናል። ሰዎች ሲሮጡ ፊልሙን በማፍጠን እንደ ጉንዳን ማራወጥ በዘመኑም ያረጀ ዘዴ ነበር፣ ዛሬማ ዓይን ያደክማል። ሌሊት እሳት ያየ አውራሪስ መጥቶ በእግሩ እየረገጠ ያጠፋል የሚለውም ነገር በሥነ እንስሳት የታወቀ ጠባይ አይደለም፤ ተረት ነው። ተረቱ ግን ኬትን ስላላሳመናት በጥሩ ሁኔታ ያስቃልና ለአዘጋጁ ይቅር እለዋለሁ። የከተማውን ሰው የሚተርበው መግቢያ ግን ዛሬም ስለት አለው። ተራኪው፣ የሠለጠነው ሰው ቀኑን እንደ ዳቦ ቆራርጦ፣ በዚህ ሰዓት ሥራ የያዘ መምሰል አለብህ፣ በዚህ ሰዓት ደግሞ ለ15 ደቂቃ ሥራ የያዘ ባትመስልም ይፈቀድልሃል እያለ ይዘረዝራል። ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ጧት 2 ሰዓትና 4 ሰዓት ተኩል ሲሆኑ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራው እህቴ 4 ሰዓት ተኩልን ስትሰማ የሳቀችውን ሳቅ ባልደረቦቿ ባይሰሙት ይሻላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ደስ ካለኝ፣ ያልወደድሁት ምንድን ነው? ፊልሙ የቆመበት መሠረት። ተራኪው ገና ከመጀመሪያው በእርግጠኛ፣ በለሰለሰና በአባታዊ ድምፅ፣ የሳን ሰዎች ሌላ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቁ፣ የእኔ የአንተ የማይሉ፣ ክፋትና ቅጣት የሚባል ነገር የሌላቸው የዋሆች መሆናቸውን ይነግረናል። ሲያዩት ሙገሳ ይመስላል። ዳሩ ግን ይህ ሙገሳ ለሰው የሚሰጥ ሙገሳ አይደለም፤ ለድኩላ የሚሰጥ ነው። ኪ በራሱ ቋንቋ አያሌ ነገር ሲናገር ተራኪው አቋርጦ ይተረጉምለታል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሐሳቡን ያስብለታል። ኬትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት ነጭነቷ እንዳስቀየመው፣ እሷን የሚያህል ሰው ለመመገብ ቀኑን ሙሉ ሥር ሲቆፍር መዋል እንዳለበት እንዳሰበ የምንሰማው ከተራኪው ነው። ቀልዱ መልካም ነው፣ ነጩም ተመልካች በራሱ እንዲስቅ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ያሰበው ኪ ሳይሆን ወረቀት ላይ የጻፈለት ሰው ነው።

እውነቱ ደግሞ ከፊልሙ በጣም የራቀ ነበር። ኪን ሆኖ የተጫወተው ኒካው ይባላል (በስሙ ውስጥ ያለውን የምላስ ድምፅ ፊደላችን ስለማይጽፈው ይቅርታ እጠይቃለሁ)፤ ከዓለም ተለይቶ በበረሃ የሚኖር ሰው ሳይሆን፣ ናሚቢያ ውስጥ ጹምክዌ በምትባል ቦታ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ማለትም ጠርሙስ ምን እንደሆነ በሚገባ ያውቅ ነበር። የጹምክዌ ሳን ሰዎች በዚያን ጊዜ የማደኛና የመኖሪያ መሬታቸው አብዛኛው ተወስዶባቸው፣ በአንድ ቦታ ተሰብስበው በእርዳታ እህል የሚኖሩ፣ መጠጥና የሳንባ በሽታ የሚጎዳቸው ነበሩ፤ ወንዶቹንም የደቡብ አፍሪካ ጦር ለናሚቢያ ነፃነት የሚዋጉትን ሰዎች ዱካ እንዲያነሡለት በወታደርነት ይቀጥራቸው ነበር። ጆን ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ናይ ስለተባለች የሳን ሴት በሚተርክ ፊልሙ ላይ፣ ይህ የኡይስ ፊልም እዚያው ሲቀረጽ የሚያሳይ ክፍል ይገኛል። ገነቱ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ያንን ይመልከት። ፊልሙ ቦታውን ቦትስዋና ይበለው እንጂ ከፊሉ የተቀረጸው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በያዘው መሬት ነው።

ይህ መሬት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል በነበረችው በናሚቢያ ጉዳይ፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን በሔግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1966 ፍርድ ቤቱ ከሳሾቹ ለመክሰስ የሚያበቃ መብት አላሳዩም ብሎ ዘጋው። ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ሰልጥነው ተመልሰው፣ ይህ ፊልም ሲወጣ ሮበን ደሴት ላይ ታስረው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን ነጭና ጥቁር በአንድ መኪና ይጓዛሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ማንም ለማንም የይለፍ ወረቀት አያሳይም፤ ጥቁሮች የይለፍ ወረቀት እንዲይዙ ያስገድድ የነበረው የደቡብ አፍሪካ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1986 መሆኑን ከዚህ ፊልም ማንም ሊያውቅ አይችልም። አማፂዎቹም ሙዝ ሲበሉ፣ ካርታ ሲጫወቱ፣ ጠብመንጃቸውን የማያውቁበት ጅሎች ሆነው ነው የቀረቡት። ናሚቢያ ውስጥ እውነተኛ ተዋጊዎች እየሞቱ ሳለ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ቀልድ ብቻ ሆኖ አይታየንም።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ግን ነጮቹን ብቻ ወቅሼ ልወጣ አልችልም፤ የማልረሳው ነገር አለና። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በ1986 ዓ.ም. ገደማ፣ ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ስላልነበረ ባለቤቱ ከዴኩ አጠገብ ቆሞ፣ በሻይ ጉሮሮውን እያራሰ፣ ሁሉንም ድምፅ ብቻውን ይተረጉምልናል። ጎበዝ ሰው ነበር። ለተራኪው የዜና አንባቢ አማርኛ ሰጠው። ለስቴይን የተማረ ሰው አማርኛ ሰጠው። ለኪ ግን፣ እኛ ጎንደሮች የቆላ ጠረፍ ሰው ስናሾፍበት የምንጠቀምበትን፣ ወንድና ሴት የሚያምታታ፣ «እሱ መጣች» የሚል የተሰባበረ አማርኛ ሰጠው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አግዳሚውን እየደበደብሁ ሳቅሁ፤ ትምህርት ቤት ስንመለስም ያን አነጋገር ከጠረፍ በመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ ላይ ለሳምንታት ተለማመድንበት። ልጁ ምን እንደተሰማው የጠየቀው አልነበረም፤ «አክተሩ» ብለነው ስለነበር እንደ ክብር የቆጠረው ይመስለን ነበር።

ስለዚህ ፊልሙን አሁን ሳየው የሚከነክነኝ፣ እኛ አፍሪካውያን ተቀምጠን የነበርነው ከኪ ጋር ሳይሆን ከተራኪው ጋር በአውሮፕላኑ ውስጥ መሆኑ ነው። ኪ ጥቁር መሆኑን እንጂ እኛም ጥቁር መሆናችንን ያነሣ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ለዚህ ደግሞ ኡይስ አላስተማረንም፤ ቀድሞም ነበረን። ከከተማችን ወደ ደባርቅ ስንወጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ባለችው ወለቃ ሸክላና ብረት የሚሠሩትን ቤተ እስራኤሎች በቀን ማሰሮና ማረሻ እየገዛናቸው፣ በማታ ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ እያልን የምናወራ ሰዎች ነበርን፤ እነሱ አገር ለቀው ከሄዱ በኋላም፣ ራሳቸው የሚጠሉትን «ፈላሻ» የሚል ስም ለቱሪስት መሳቢያ አድርገነዋል። የእነሱ ታሪክ በለሰለሰ ድምፅ ቢተረክ፣ የዋህነታቸውና የእጅ ጥበባቸው ቢመሰገን፣ እነሱ ግን ሁለት ቃል እንኳ ሳይናገሩ ፊልሙ ቢያልቅ፣ ጎንደር ውስጥ ስንቱ ሰው ጉድለቱን ያስተውል እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር ልበል። የሳን ሰዎች ሲናገሩ ምላሳቸውን ከላንቃቸው እያላቀቁ የሚያሰሙት ድምፅ በቪዲዮ ቤቱ ትልቁ ቀልድ ነበር፤ አሁንም የእህቴ ልጅ እስከ ራት ድረስ ስትቀጠቅጠው ዋለች። አልተቆጣኋትም፤ ሕፃን የሚጥመውን ድምፅ ሁሉ ይሞክራል። ነገር ግን እኛ «ጠጠር»ና «ጭልጥ» እያልን የውጭ ሰው ምላሱ እስኪተሳሰር የምናስቸግር፣ አህያ የምንነዳው በምላስ ጠቅታ፣ ሐዘናችንን የምንገልጸው ከንፈር በመምጠጥ፣ «አዎ» የምንለው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን መሆኑን ሳስብ፣ በሌላው አፍ ለመሳቅ ምን ያህል እንደምንቸኩል ይገርመኛል። በፊልሙ የሚሰማው ቋንቋ ደግሞ የእውነት ቋንቋ ነው፤ ኒካው የሚናገረው የገዛ አፉን ነው። ከተራኪው ድምፅ በታች ጆሮ ለሰጠ ሰው ይሰማል።

ፊልሙን ከኡይስ የሚያስጥለውም ይኸው ሰው ነው። ኒካው ተዋናይ ሆኖ የሠለጠነ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ትዕይንቱ ላይ ማንም አይጋርደውም። ጠርሙሱን የቀማውን ዝንጀሮ፣ ጎረቤቱን እንደሚለምን ሽማግሌ ቀስ ብሎ ሲያነጋግረው፣ ቃሉን የማንረዳ እኛ እንኳ የልመናውን ሥርዓት እንረዳዋለን። ፍየል ገድለሃል ተብሎ ችሎት ሲቆም፣ የተከሰሰበት ነገር ሳይገባው ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ በፈገግታ ሰላምታ ሲሰጥ፣ እናቴ «ይኸ ልጅ የደግ ሰው ልጅ ነው» አሉ። ሦስት ወር ሲፈረድበትና በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲቀመጥ ግን ማንም አልሳቀም፤ የእህቴ ልጅ ጠቅታዋን አቆመች። ያ ትዕይንት ተራኪው ዝም ቢል ኖሮ ፊልሙ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ያሳያል። ኒካው ለመጀመሪያው ፊልም የተከፈለው ገንዘብ ፊልሙ ካስገባው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል እንዳልነበረ ይታወቃል። በኋላ ዋጋውን አውቆ ተደራድሯል፤ ባገኘውም ገንዘብ ውኃና መብራት ያለው ቤት ሠርቶ፣ በቆሎና ዱባ እያመረተ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በአገሩ በናሚቢያ ዐርፏል። ቤት ሠርቶ እንደ ሞተ ለእናቴ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ እስከዚያ ድረስ «ምነው ያን ሁሉ ሲያሠሩት አንድ ኮት አልሰጡት» እያሉ ነበር።

ስለ ቅጂው የምለው አለኝ። ያስገለበጥሁት ፋይል ቀለሙ የደበዘዘ፣ ድምፁም ከምስሉ ትንሽ የዘገየ ነበር፤ ይህን ችለን ሳለ፣ ኪ ገደሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ የሚጠጋ ፊልም ተመልክቶ ጠርሙሱ ሲጣል አለማየት ምን ያህል እንደሚያናድድ የገጠመው ያውቀዋል። በማግስቱ ተመልሼ ስነግረው ወጣቱ ያለ ክርክር ሌላ ቅጂ ፈልጎ በነፃ ሞላልኝ፤ ይህኛው ጥራቱም የተሻለ ነው፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ከሥሩ አለው። ልታስገለብጡ የምታስቡ ካላችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ መጨረሻውን አስከፍታችሁ እዩ።

መጨረሻው ያን ያህል መመለስ የሚያስቆጭ አይደለም። ኪ የምድር ዳርቻ መስሎት የሚቆምበት ገደል በምሥራቅ ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው «የእግዚአብሔር መስኮት» የሚባለው ቦታ ነው፤ ከካላሃሪ በእግር የሚደረስበት ባይሆንም፣ ደመናው ከእግር በታች ተነጥፎ ሲታይ ርቀቱን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። አጎቴ ግን «ይኸማ እሜት ጎጎ ነው» ብለው ተከራከሩ፤ ስሜን ተራራ ላይ ቆመው ደመና ከበታቻቸው ያዩ ሰው ናቸውና ላስተባብላቸው አልፈለግሁም። ጠርሙሱ ወደ ደመናው ሲወርድ እናቴ ቀኝ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ለኪ ይሁን ለጠርሙሱ አልጠየቅኋቸውም። አጎቴም የጽሑፉን መውረድ ሳይጠብቁ ሪሞቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «በል እስቲ ያን የበሩን ቦታ መልሰው፤ ድንጋዩን ከየትኛው ጎማ ሥር እንደሚያደርግ በደንብ አላየሁትም» አሉኝ።